አያ ውርጭና ጭምዴ

ተረቴ መጥታ ደጅ ቆማለች፤ አስገቧት። ቦታ ልቀቁላት። እሳቱ አጠገብ ግን አታስቀምጧት፤ የብርድ ተረት ናትና ትቀልጥብኛለች። እዚያ ጥግ የምታዛጋው ሰውዬ፣ አንተም ማዛጋትህን ጨርስና እንጀምር።

ድሮ ነው። ውርጭ እግር በነበረው ጊዜ፣ እንደ ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እያለ በሚጣራበት ጊዜ። በዚያን ዘመን ውርጭ «ግባ» ካልተባለ አይገባም ነበር። ጨዋ ነበር። «ቤቶች!» ይላል። «ማን ነው?» ይሉታል። «እኔ ነኝ፣ ውርጭ» ይላል። «አንፈልግህም» ካሉት ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ መንገዱን ይቀጥላል። «ግባ» ያለውን ግን ያቅፋል። ሥራው ማቀፍ ነበር፤ ሌላ ሥራ አያውቅም።

በዚያን ዘመን፣ ከደጋም ደጋ በሆነ አገር፣ ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ አበጀ ሞቷል። ልጅ አልወለዱም። የቀራት አንድ ማሳ፣ አንድ ቤት፣ ከቤቷም ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራ አንድ ቆጥ ነበር። ያገሩ ደንብ ደግሞ ክፉ ነበር። እኔ አላወጣሁትም፣ እኔን አትዩኝ። ባልቴት የያዘችው መሬት ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጦም ካደረ ለባሏ ዘመዶች ይመለሳል። አምና የሰማይ በረዶ ቡቃያዋን ጨፍጭፎባት ማሳዋ ጦሙን አድሯል። ዘንድሮም ካልበቀለበት መሬቱ ከእጇ ይወጣል።

ያላት ዘር ከጓሮዋ ቆፍራ ቆጡ ላይ ያስቀመጠችው ብቻ ነበር። ሁለት ቅርጫት ድንች ለዘር፣ አንድ እቅፍ ካሮትና አንድ እቅፍ ቀይ ሥር ደግሞ በዘር ቀን ለሚመጣው ደቦ ምሳ ብላ አስቀምጣለች። ወጥታ በገባች ቁጥር ቆጡን ቀና ብላ እያየች «አደራችሁን ልጆቼ፣ አደራችሁን» ትላቸው ነበር። ሥራ ሥሮቹ ይሰሟታል። እሷ ግን አትሰማቸውም። ሰው የሥራ ሥርን ቋንቋ ያን ጊዜም አያውቅም ነበር።

እነሱ ደግሞ ወሬኞች ነበሩ። ምን ይሥሩ? ቆጥ ላይ ተቀምጦ ከማውራት ሌላ ምን አለ? ወሬያቸውም ሁሉ ስለ ገላቸው ነበር።

«ሰው ሲቀረጥፈኝ ድምፄ ጎረቤት ይሰማል» ትላለች እመት ካሮት።

«እኔ ደሜን በገላዬ ይዤ የምኖር ነኝ። ቢላ ካልነካኝ ጠብታ አላፈስም» ትላለች እመት ቀይ ሥር።

«እኛስ!» ይላሉ ድንቾቹ በአንድ አፍ። «ስንቀቀል እንደ ዱቄት የምንፈረፈር፣ ቆዳችን የተወጠረ፣ በአውራ ጣት ቢጫኑን የማንጎደጉድ!»

በአንደኛው ቅርጫት ጥግ ላይ ይህን ሁሉ እየሰማች ዝም የምትል አንዲት ድንች ነበረች። ከሁሉም ቀድማ የተቆፈረች ናት። ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ተጠግታ ስለከረመች ሙቀት አግኝቷታል። ዓይኖቿ ጎንቁለዋል፤ ሦስት ወይን ጠጅ ቡቃያ አውጥታለች። ቡቃያው ሲረዝም ገላዋ እያነሰ፣ ቆዳዋ እየተሸበሸበ ሄደ። ድንቾቹ «ጭምዴ» የሚል ስም አወጡላት።

«ጭምዴ፣ ያን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ፤ የሚያይሽ እኛም እንዳንቺ ይመስለናል» ይሏታል።

«እናንተም ትመጡበታላችሁ፤ ዓይናችሁ ሲከፈት እንደኔ ትሆናላችሁ» ትላቸዋለች።

ይህን ሲሰሙ ይፈራሉ። እውነቷን መሆኑን ያውቃሉ። ካሮትም ጫፏ ላይ መለስለስ ጀምሯታል፤ ቀይ ሥርም ቆዳዋ ሻከር ብሏል። ጊዜ በሁሉም ላይ ቀስ እያለ እየመጣ ነው። ማነው ይህን የማይፈራ? እኔ ራሴ ጥርሴን ሳጣ ስንት ቀን አኩርፌያለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሐል የብርዱ ወራት ገባ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከቆጡ ሥር ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች!»

«ማን ነው?» አለች ካሮት።

«እኔ ነኝ፣ ውርጭ። መንገደኛ ነኝ። ከናንተ መሐል ቀኑ እንዲቆምለት የሚፈልግ አለ?»

«ቀን ይቆማል እንዴ?»

«በኔ እቅፍ ይቆማል። ያቀፍኩት አይለሰልስም፣ አይበሰብስም፣ አይጎነቁልም። ትቼው ስሄድ እንደነበረ ነው፤ እንዲያውም ያበራል።»

ጭምዴ ከጥጓ ሆና ጠየቀች። «አያ ውርጭ፣ ያቀፍካቸውን ፀሐይ ከወጣች በኋላ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ እማማ። ፀሐይ ሳትወጣ እሄዳለሁ» አላት።

«ያላየኸውን እንዴት ታወራለህ?»

ካሮት ተቆጣች። «አንቺ ዝም በይ! ለኔ ነው የመጣው። ግባ አያ ውርጭ፣ ቤት ለእንግዳ!»

ገባ። አቀፋት። ካሮት አንዴ ብቻ «ኡፍ!» አለች፤ ከዚያ ዝም። ሲለቃት ለስልሶ የነበረው ጫፏ ሳይቀር እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ነፋስ አወዛውዞ ከቆጡ ምሰሶ ጋር ቢያጋጫት እንደ ቃጭል ጮኸች። ቆጡ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ፀሐይ አይደርስበትም፤ ካሮት ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ዋለች። ሁሉም ቀኑባት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ «ቤቶች!» አለ።

«ማን ነው?» አለች ቀይ ሥር። ማን እንደሆነማ ታውቃለች፤ ስትጠብቀው ነው ያደረችው።

«እኔ ነኝ፣ ውርጭ። ቀኑ እንዲቆምለት የሚፈልግ አለ?»

ጭምዴ እንደገና ጠየቀች። «አያ ውርጭ፣ ያቀፍካቸውን ፀሐይ ከወጣች በኋላ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«ስለያቸው ያምሩ ነበር» አለ ውርጭ። ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ስትለያቸው ምን እንደሚመስሉ አልጠየቅኩህም።»

«እባክሽ እንግዳ አታሳፍሪ! ግባ አያ ውርጭ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለች ቀይ ሥር። ገባ፤ አቀፋት፤ ሄደ። ቀይ ሥር የወንዝ ጠጠር ሆና አበራች። ደሟ በውስጧ ረጋ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ «ቤቶች!» ከማለቱ ድንቾቹ ሁሉ አንድ ላይ «ግባ! ግባ! ቤት ለእንግዳ!» ብለው ጮኹ። ማን ነው እንኳ አላሉትም።

ጭምዴ ለመጨረሻ ጊዜ ለመነቻቸው። «እህቶቼ፣ እኛ እኮ ዘር ነን። ቀኑን ካቆመብን ምን እንሠራለን? ያች ሴትዮ በየቀኑ አደራ የምትለን ለመልካችን ይመስላችኋል?»

«እንዳንቺ ተጨማድደን ነው አደራ የምንጠብቀው?» አሏት።

ወደ ውርጭ ዞረች። «አያ ውርጭ፣ ሦስተኛዬ ነው፤ ያቀፍካቸውን ፀሐይ ከወጣች በኋላ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

ውርጭ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። ከዚያ «አንቺንስ?» አላት።

«እኔን አትንካኝ።»

«ትሞቻለሽ እኮ። በዚህ ወር ካልሆነ በሚመጣው። አቅፌ ላቆይሽ።»

«መሞቴንማ አውቃለሁ። ግን ለዓይኖቼ ነው የምሞተው። እነሱን ካቆምክብኝ ለማን ልቆይ?»

ውርጭ ጨዋ ነበር ብያችኋለሁ። አልነካትም። እሷም ያንን የሞቀ ግድግዳ ተጠግታ ዓይኖቿን ሸሸገች። ሌሎቹን ግን አንድ በአንድ አቀፋቸው። ሁለት ቅርጫት ሙሉ ድንች፣ እያንዳንዷን አቀፋት። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ።

ያ ሦስተኛ ቀን የዘር ቀን ነበር። ገና ጭጋጉ ሳይገፈፍ ደብሪቱ ዘር ልትመርጥ ወጣች። ባሏ አበጀ ነፍሱን ይማረውና አንድ ትምህርት ትቶላት ነበር፤ «ዘር በዓይን አይመረጥም፣ በአውራ ጣት ነው። ተጫኚው። ጣትሽን ከገፋ ዝሪው፤ ጣትሽ ከሰጠመ ጣይው»። በዚያ አገር ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚመርጠው። ደብሪቱም በዚያ አውራ ጣት ሠላሳ ዓመት መርጣ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።

አንዷን ድንች አንስታ ተጫነች። አውራ ጣቷ ተመለሰ። ሌላዋን ተጫነች። ተመለሰ። ሁለቱን ከጆሮዋ አጠገብ አጋጨች፤ ቋ! ቋ! አሉ። ብርዱ ጣቷን አቃጠላት፤ ግን በዚያ አገር በዚያ ሰዓት የማያቃጥል ነገር ምን አለ? የበሩ መቀርቀሪያም ያቃጥላል።

«እሰይ የኔ ድንጋዮች!» አለች። «እሰይ! አደራ በላ አልሆናችሁም! አበጀ፣ ታያለህ? እንዲህ ያለ ዘር ባንተ ጊዜ እንኳ አላየንም።»

ፊቷ በራ። ይህን ስነግራችሁ አንጀቴን እየበላኝ ነው።

በመጨረሻ እጇ ጭምዴ ላይ ደረሰ። ተጫነቻት። አውራ ጣቷ ሰጠመ።

«ደብሪቱ፣ እኔ ነኝ! ዘርሽ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች ጭምዴ። ማን ይስማት።

«ምስኪን፣ አንቺስ አልቀሻል» አለችና ወደ ጓሮ ወረወረቻት፤ የአመድ መድፊያው ላይ ወደቀች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። ደብሪቱ የቆጡን አወረደች፤ የእጇን ግን ጣለች።

ደቦው መጣ። በሬውን ጠምዶ ቀድሞ የደረሰው አያ ወንድይፍራው ነበር፤ የአበጀ ታላቅ ወንድም። መሬቱ ቢመለስ የሚመለሰው ለእሱ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ክፉ ቢሆን ተረቴ ትቀለኝ ነበር። «አይዞሽ ደብሬ፣ ዘንድሮ ያበቅላል» እያለ ነው የገባው።

አረሱ። ትልም ከፈቱ። ድንቹን በየትልሙ አስገብተው አለበሱት። ፀሐይም ወጣች። ያን ቀን ጥሩ ፀሐይ ነበር፤ የገበሬ ፀሐይ።

አሁን ጆሯችሁን ወደ መሬት አድርጉ። ከአፈሩ በታች ምን እንደተባለ ልንገራችሁ።

«እህቴ፣ ሙቀት ተሰማሽ?» አለች አንዷ ድንች።

«ተሰማኝ። ዓይኔን ልከፍት ነው መሰለኝ።»

«ክፈቺዋ።»

«እምቢ አለኝ። ውስጤ ይፈስሳል። እህቴ፣ ውስጤ ውሃ ሆኗል!»

«የኔም። ምን ሆነን ነው? አሁን ድንጋይ አልነበርንም?»

አንዷ፣ ከሁሉ አስተዋይ የነበረችው፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረች። «ድንጋዩ እኛ አልነበርንም፤ እሱ ነበር። ስንታቀፍ በገላችን ያሉትን ትንንሽ ጓዳዎች ሁሉ ሰባብሯቸዋል። እሱ ራሱ ምሰሶ ሆኖ ስላቆመን ቤታችን መፍረሱ አልታወቀንም። አሁን ምሰሶው ሄደ።»

«አያ ውርጭ! ተመለስ! ያዘን! ያዘን!» ብለው ጮኹ። ውርጭ ግን ፀሐይ ሳትወጣ ሄዷል። እንደ ልማዱ።

ምሳ ደረሰ። የካሮቱና የቀይ ሥሩ ቅርጫት ማሳው ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር የዋለው። ከደቦዎቹ አንዱ ሄዶ ሊያነሳ ደነገጠ።

«ማን ነው የተቆረጠው? ደም አለ እዚህ!» አለ።

ሁሉም እግሩንና እጁን አየ። የተቆረጠ የለም። ደሙ የቀይ ሥር ነበር። ቢላ ካልነካኝ ጠብታ አላፈስም ያለችው ማንም ሳይነካት ፈስሳ የቅርጫቱን ሥር አልፋ ሣሩ ላይ ደርሳለች። የቀረው ገላዋ የተጨመቀ ጨርቅ ሆኗል።

አያ ወንድይፍራው አንዷን ካሮት አንስቶ ሊቀረጥፍ ነከሰ። ድምፅ የለም። ነክሶ ቢጎትታት ታጠፈችበት እንጂ አልተሰበረችም።

«ደብሬ፣ ይሄ ካሮት ነው የረጠበ ገመድ? በሬዬን ልጠምድበት እንዴ?» አለ።

ደቦው በሙሉ ሳቀ። ደብሪቱ አልሳቀችም። ካሮቱን ከእጁ ተቀብላ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ ሰጠመ።

«ዛሬ ጠዋት እንጨት ነበረ» አለች።

«ምኑ?»

«ካሮቱ። ጠዋት ከቆጡ ሳወርደው ደርቆ ይጮህ ነበር። አያ ወንድይፍራው፣ ድንቹም ይጮህ ነበር።»

ሮጠች። ነጠላዋ ወድቆ ቀረ። የመጀመሪያውን ትልም በእጇ ቆፈረችና አንዷን አወጣች። ድንቿ ገና ቅርጿን አልለቀቀችም፤ ድንች ትመስላለች። ደብሪቱ እጇን ስትጨብጥ ግን በጣቶቿ መሐል ውሃ ሆና ወረደች፤ እጇ ላይ የቀረው ቆዳና የጠቆረ ሙጫ ነገር ነው። ወደ አፏ ወሰደችው፤ ጣፈጠ፤ በማይሆን ጣዕም ጣፈጠ። ሁለተኛውን ትልም ቆፈረች። ያው። ሦስተኛውን ቆፈረች። ያው። አራተኛውንም አምስተኛውንም ቆፈረች፤ ማንም አላስቆማትም፤ ማን ደፍሮ ያስቁማት? በመጨረሻ አያ ወንድይፍራው መጥቶ ትከሻዋን ያዘ።

«በቃሽ ደብሬ።»

«አውራ ጣቴ ዋሸኝ አያ» አለችው። «ሠላሳ ዓመት አልዋሸኝም ነበር።»

ዘር ልስጥሽ እንዳይላት የሁሉም ሰው ዘር መሬት ገብቷል። ከጎረቤት የሚለመንም አልነበረም፤ ያልተዘራው ተበልቷል።

ዝናቡ መጣ። የሰው ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ለበሰ። ያገሩ ሽማግሌዎች በደንቡ መሠረት የደብሪቱን ማሳ ሦስት ጊዜ ዞሩት። አንዲት ቡቃያ ብትገኝ መሬቱ ጦም አላደረም ሊሉላት ፈልገው ነበር፤ ጎንበስ እያሉ ፈለጉ። አረም እንኳ በእጃቸው ገልጠው ተመለከቱ። አልተገኘም።

«ደንብ ነው ደብሬ» አለ አያ ወንድይፍራው። ቀና ብሎ አላያትም።

«አውቃለሁ አያ። ካንተ ጋር ጠብ የለኝም።»

«ቤቱ ያንቺ ነው። ጓሮውም እስከ አመዱ ድረስ ያንቺ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ምን ትበል ሌላ? ወይ ነዶ! ሠላሳ ዓመት ከባሏ ጋር ያረሰችው መሬት ከአመድ መድፊያዋ ወዲያ ሆነ።

አሁን ወደ አመዱ እንሂድ፤ ጭምዴን ረስተናታል። ያን ቀን አመዱ ላይ ስትወድቅ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ?

«አያ አመድ፣ ታስጠጋኛለህ?» አለች።

«እኔ የተጣለ ነኝ፤ ምን አለኝ?» አለ አመድ።

«እኔም የተጣልኩ ነኝ።»

አመድ ትንሽ አሰበ። «ድሮ እሳት ነበርኩ» አላት። «ጥቂት ሙቀት ሳይተርፈኝ አልቀረም። ግቢ።»

ገባች። ደብሪቱ በየቀኑ የምትደፋው ትኩስ አመድ ከላይዋ እየወረደ ከብርድ ሸሸጋት። ዝናቡ ሲመጣ ሥር ሰደደች። ቡቃያዎቿ «እማዬ፣ ራበን» ሲሏት «ብሉ፣ ይሄው ገላዬ» አለቻቸው። «እማዬ፣ እየቀለልሽ መጣሽ» ሲሏት «እናንተ ስትከብዱ ነው» አለቻቸው። አንድ ቀን ተጣሩ፤ አልመለሰችም።

ደብሪቱ አንድ ጠዋት አመድ ልትደፋ ወጥታ ቅጠሉን አየች። ቆመች። አመዱን ሳትደፋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አመዷን ሌላ ቦታ ደፋች። ቅጠሉ አብቦ እስኪደርቅ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ተንበርክካ በእጇ ቆፈረች። ሰባት ድንች አገኘች። ከሰባቱ ሥር ደግሞ አንዲት ቀጭን ቆዳ ነበረች፤ ባዶ፣ የተሸበሸበች፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የማትከብድ።

ደብሪቱ ቆዳዋን አወቀቻት። መዳፏ ላይ አስቀምጣ በዚያ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፤ አሁን የሚጫኑት ነገር የለም።

«አንቺን ነው የጣልኩሽ» አለች። «እነዚያን አቅፌ አንቺን ጣልኩሽ።» እዚያው አመዱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለመሬቷ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰችው።

ርቧት ነበር፤ ሰባቱን ግን አልበላችም። ከምድጃዋ ጀርባ ባለው ግድግዳ ሥር አስቀመጠቻቸው። በአውራ ጣቷም አልተጫነቻቸውም።

የብርዱ ወራት ተመልሶ ሲመጣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማን ነው?» አሉ ሰባቱ።

«እኔ ነኝ፣ ውርጭ። እዚህ አንዲት ጭምዴ ነበረች፤ አለች?»

«የለችም። እኛ ልጆቿ ነን።»

«ብያት ነበር!» አለ ውርጭ፣ ከልቡ አዝኖ። «አቅፌ ላቆይሽ ብያት ነበር። ብትሰማኝ ዛሬ እዚሁ አገኛት ነበር።»

«አያ ውርጭ፣ እሷን አቆይተህ ቢሆን እኛ ከየት እንመጣ ነበር?»

ውርጭ ወደ ባዶው ቆጥ ቀና አለ።

«እህቶቿስ? ሁለት ቅርጫት ነበሩ፤ እንዴት ያበሩ ነበር!» አለ።

«ያቀፍከውን ፀሐይ ከወጣች በኋላ አይተህ ታውቃለህ?» አሉት ሰባቱ። እናታቸው ስትጠይቅ የሰማ ማንም አልነገራቸውም፤ እንዲሁ አወቁት።

ውርጭ ወጣ። ደብሪቱ ባጣችው ማሳ ዳር አያ ወንድይፍራው የዘራው ባቄላ አብቦ ነበር። ከአበቦቹ አንዷ «ግባ» አለችው። አቀፋት። ነጭ ሆና አበራች። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሄድ ቀረ፤ ቁጭ ብሎ ፀሐይን ጠበቀ። ፀሐይ ወጣች። አበባዋ በዓይኑ ፊት አንገቷን ደፋች፤ ጠቆረች፤ ውሃ ሆና በግንዷ ወረደች።

ውርጭ አለቀሰ። ጠዋት ሣር ላይ የምታዩት ያ ውሃ የእሱ እንባ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አፍሮ ድምፁ ጠፋ። «ቤቶች!» ብሎ አያውቅም፤ ማቀፉን ግን መተው አልቻለም፤ ሌላ ሥራ አያውቅማ። ለዚህ ነው ሳንሰማው መጥቶ ጠዋት የምናገኘው። ለዚህ ነው ደብሪቱ በብርዱ ወራት ጋቢዋን ሰባቱ ላይ ጥላ ራሷ በነጠላ የከረመችው።

ውርጭ ያቆየው ለዘር አይሆንም።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ማበሱን ዛሬ ተዉት፤ ድንች ቀቅሉልኝ። ስትመርጡ ግን አደራ፣ ጥግ ላይ ጭምድድ ያለች ካለች እሷን ድስት ውስጥ አትክተቱብኝ። ተዉልኝ፤ ገና ሥራ አላት።